የትኛውን ፊልም እንይ?

ስለ ፊልም ጽፌ ለዘንድሮው መጽሔታችን ሳቀርብ የፊልም ዐዋቂ ነኝ ብዬ እንዳልሆነ አስቀድሜ መግለጽ እወዳለሁ። የፊልም ማንሻ መሣሪያ በእጄ ጨብጬ አላውቅም፤ ሲኒማ ቤት የሚባለውንም ከደጁ እንጂ ከውስጡ አላየሁትም። ሥራ ሲቀልልኝና መብራት ሲኖር የማይ ተራ ተመልካች ነኝ። ነገር ግን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ «እንዴት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ «አሪፍ ነው» ወይም «ይደብራል» ብቻ ብሎ ሲያልፍ እሰማለሁ። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ከታላቅ ወንድሜ ጋር ብዙ ጊዜ ስለ ተከራከርሁ፣ ክርክራችን ከቤት ወጥቶ ለእናንተም ይድረስ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ፊልምን በመጀመሪያ ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው። በይፋግ ልጅ ሳለሁ ከገበያው አጠገብ በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። ወንዶች ልጆች ሳንቲማቸውን እየከፈሉ ይገባሉ። ሴት ልጅ ግን እዚያ ደጃፍ ላይ ከታየች ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ከወፍጮ ቤት ስመለስ ዱቄቱን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አሳርፌ አዳምጥ ነበር። የሚታየው ብዙውን ጊዜ «ትርጉም ፊልም» የሚባለው ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ለወንዱም ለሴቷም፣ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም እየሆነ በአማርኛ የሚተርክበት ማለቴ ነው። ተርጓሚው በፊልሙ ውስጥ የሌለ ቀልድ ከራሱ ይጨምርበታል፤ ቻይናዊው ሲናደድ እንደ ጉልት ነጋዴ ይሳደባል፤ ቤቱ በሣቅ ይናወጣል፤ እኔም ከውጭ ሆኜ እሥቃለሁ።

የቀረውን ወንድሜ ማታ ከእሳቱ ዳር ይጨርስልኛል። መቼም እንደ ወንድሜ ፊልም የሚተርክ ሰው አይገኝም! ዝላዩንና ጡጫውን በእጁ እያሳየ፣ የመኪናውን ድምፅ በአፉ እያሰማ፣ አንዳንድ ጊዜም በእናታችን ምጣድ ላይ ሊወድቅ ምንም እስኪቀረው ድረስ ይተርካል። ኋላ አድጌ እነዚያኑ ፊልሞች በስልክ ሳያቸው አብዛኞቹ የወንድሜን ትረካ ሳያህሉ ቀሩ። ለምን ይሆን ብዬ ብዙ አሰብሁ። ድብድቡንና ማን ማንን እንደ ገደለ ወንድሜ አንድም ሳይቀር ነግሮኝ ነበር፤ የቀረ ነገር ስለሌለም ፊልሙ አዲስ አልሆነብኝም። በጥቂቶቹ ላይ ግን ወንድሜ ሊነግረኝ ያልቻለው ነገር ነበረ። አንዲት እናት ልጇ ሲሄድ ምንም ሳትናገር በር ላይ የቆመችበት ፊት በእጅም በአፍም የሚተረክ አይደለም። ከዚያ ወዲህ መለኪያዬ ይህ ሆነ፤ ተነግሮ የሚያልቅ ፊልም ባይታይም ግድ የለም፤ ሊታይ የሚገባው ተነግሮ የማያልቀው ነው። ወንድሜ በዚህ አይስማማም፤ «ያንቺ መለኪያ የተኛ ሰው መለኪያ ነው» ይለኛል።

ፊልም ወደ አገራችን ሲገባም የተቀበሉት በጥርጣሬ ነበር። በአዲስ አበባ መጀመሪያ ከተከፈቱት አንዱን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በጨለማ ተቀምጦ ጥላ ሲሮጥ ያየ ሰው ሰይጣን ነው ቢል አይፈረድበትም፤ አያቴ ዛሬም በቴሌቪዥን ሰው ሲሞት ሲያዩ ያማትባሉ። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1950ዎቹ ዓመታት ወጣ። ከእርሱ ቀጥሎ ከሚጠሩት አንዱ ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጁት «ጉማ» ሲሆን፣ የጉማ የፊልም ሽልማትም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። ሁለቱንም ስላላየኋቸው አልፈርድባቸውም።

ወደ ክርክራችን ልመለስ። ወንድሜ የሚወደው «አክተሩ» የማይሞትበትን ፊልም ነው። መቶ ሰው ቢከበው መቶውን ጥሎ ይወጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አክተሩ ማን ነው፣ ጠላቱስ ማን ነው የሚለው ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. በጎንደር የተወለዱ የአገራችን ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው የታርዛንና የካውቦይ ፊልም እያዩ እንዳደጉ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱም ለነጩ ይወግኑ እንደ ነበር በተለያዩ ቃለ መጠይቆች ተናግረዋል። አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ፣ ተውኔትም የደረሱ ሰው ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ በቤቱ የአርበኛ ታሪክ የሚጻፍለት ልጅ፣ በጨለማው ውስጥ ሲቀመጥ ለታርዛን ያጨበጭባል! ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንድ ፊልም ሳይ ለማን እያጨበጨብሁ እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። ወንድሜን ስጠይቀው ግን «እንይበት በናትሽ» ይለኛል።

እኒሁ ሰው ከሠሯቸው ፊልሞች መጀመሪያ ያየሁት «ጤዛ»ን ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለብዙ ወራት ፊልም የምናገኘው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ነበር። የሰው ድካም ያለ ዋጋ እየቀዱ ማየት ደግ ሥራ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ፤ በዚያን ጊዜ ግን ሌላ መንገድ አልነበረንም። «ጤዛ» ተሠርቶ እስኪያልቅ 14 ዓመት እንደ ወሰደ ኋላ ስሰማም አፈርሁ። ፊልሙ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አገኘ፤ በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ በሚደረገው ታላቁ የአፍሪካ የፊልም በዓል በየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ተሸለመ።

ታሪኩ አንበርብር ስለሚባል፣ በጀርመን አገር ተምሮ ሐኪም ስለ ሆነ ሰው ነው። እግሩን አጥቶ፣ አእምሮው ታውኮ፣ በ1982 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። መንደርተኛው ከሐኪሙ ተአምር ይጠብቃል፤ እርሱ ግን የራሱን ትዝታ እንኳ አንድ ላይ መሰብሰብ አቅቶታል። ጊዜው የጦርነት ነውና ወታደሮች ወጣቱን እያፈሱ ይወስዳሉ፤ ልጆቹም በዋሻ ይደበቃሉ። ታሪኩ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተመላለሰ ስለሚሄድ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። አንበርብርም ግራ እንደ ተጋባ ስታስተውሉ ግን ግራ መጋባታችሁን ትታገሡታላችሁ።

ይህን ፊልም ስናይ አጎቴ እንደ አጋጣሚ እኛ ቤት ነበሩ። አጎቴ ፊልም አይወዱም፤ የመጡት ስለ ሩዝ ዘር ለመነጋገር ነው። ሐይቁ ሲታይ ግን «ይህ እኮ የኛው ጣና ነው» ብለው በርጩማቸውን ሳቡ። ልጆቹ በዋሻ ሲደበቁ፣ ወታደሮቹም ሲያሳድዱ አንድ ቃል አልተናገሩም። በዚያው መካከል መብራት ጠፋ። ወንድሜ ተበሳጭቶ ወደ ደጅ ሊወጣ ሲነሣ አጎቴ በጨለማው ውስጥ «እኛስ ዋሻ ማን ሰጥቶን! የኛ ዋሻ ደንገሉ ነበር» አሉ።

ከዚያም ጀመሩ። አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። በገበያ ቀን አፈሳ መጣ ተብሎ ሲጮህ ከእኩያቸው ጋር ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ሮጡ። ያን ጊዜ ፎገራ እንደ ዛሬው ሩዝ አልሸፈነውም፤ ሰው የሚሸሸግበት የለውም፤ ከሩቅ የሚታየው ከብትና ሰው ብቻ ነው። ደንገሉ ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል ቆዩ። አያቴ እንጀራውን በሣር ሸክም ውስጥ ደብቀው እያመጡ፣ ሣር የሚያጭዱ መስለው ከውኃው ዳር ጥለውላቸው ይመለሱ ነበር። ትንኙ ያልበላው ሰውነት አልነበረም። አንድ ሌሊት ጓደኛቸው ትኩሳት ይዞት «ቤቴ ሄጄ ልሙት» ብሎ ወጣ፤ በመንገድ ተያዘ፤ ከዚያም ወዲህ ወሬው አልተሰማም። እናቱ እስኪሞቱ ድረስ በየገበያው ቀን አጎቴን ሲያገኙ ምንም ሳይጠይቁ ያዩዋቸው ነበር። «መጠየቅስ ቢጠይቁኝ ደግ ነበር» አሉ አጎቴ።

አያቴም በዚያው ክፍል ነበሩ። አንዲት ቃል አልጨመሩም፤ መቁጠሪያቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይሰማን ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ በደንገሉ አጠገብ ሳልፍ ይህን ታሪክ አላውቅም ነበር። እናቴም አታውቅም፤ የገዛ ወንድሟ ነው። መብራቱ የመጣው በማግሥቱ ነው። አጎቴን ቀሪውን እንዲያዩ ብንለምናቸው «ይበቃኛል፤ እናንተ እዩት» ብለው ስለ ዘሩ ሊነጋገሩ ወደ አባቴ ሄዱ። እንግዲህ ወንድሜ «ይኸው አየሽ፤ ከፊልሙ ይልቅ የአጎታችን ትረካ በለጠ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ፊልሙ ባይታይ ኖሮ ትረካው ከየት ይመጣ ነበር?

ከ«ጤዛ» ቀጥሎ የኚሁ ሰው ቀደምት ሥራ የሆነውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፈልጌ አየሁ። የተነሣው በ1966 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በሚወድቅበት ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ የሚሠሩትም በሙያው የታወቁ ተዋንያን አይደሉም። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል፤ ጭሰኛው ያርሳል፤ ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፤ ልጅቷ ከብት ትጠብቃለች። የክፍሌ ልጆች ሊያዩት ሞክረው «ምንም የለውም እኮ፤ ሰው ሲያርስ ነው የሚያሳየው» አሉኝ። እኔ ደግሞ የምላቸው፣ ሰው ሲያርስ በየቀኑ እናያለን፤ ነገር ግን መቼ ተቀምጠን አየነው? በሬው ሲደክም፣ ገበሬው ቀና ብሎ ፀሐይዋን ሲያይ፣ ያ ሁሉ በሙሉ ጊዜው ነው የሚታየው። ለአባቴ ሳሳየው ጥቂት አይቶ የበሬዎቹን አጠማመድ ነቀፈ፤ ከዚያ ግን ሳይነሣ ጨረሰው።

በዚህ ፊልም ከብት ጠባቂዋ ልጅ ላሟን ከጎርፍ ለማዳን ገብታ ውኃ ይወስዳታል። ፍጻሜውን መንገር ነውር ቢሆንም ይህን አንዱን እነግራችኋለሁ፤ የምነግራችሁም ምክንያት አለኝ። ርብ በክረምት ምን እንደሚያህል የፎገራና የሊቦ ሰው አይነገረውም። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አንዲት ጊደራችን ወደ ሞላው ውኃ ስትገባ ጅራቷን ይዤ እስከ ደረቴ ገብቻለሁ። ያን ጊዜ በልቤ የነበረው የውኃው ፍርሃት አልነበረም፤ ጊደሯን አጥቼ ቤት መግባት ነበር። በፊልሙ ያለችው ልጅ ፊት ላይ ይህንኑ ነገር አየሁት። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ታይ ነበርና «ምነው ልጄ፣ ላም እኮ ይተካል» አለች ለፊልሟ ልጅ። ለእኔ በዚያ ቀን የተባልሁት ሌላ ነበር፤ እናቴ ረስታዋለች። እኔም አላስታወስኋትም።

በሙያው ባልታወቁ ሰዎች ፊልም መሥራት ከእኛ የጀመረ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢጣልያ ቪቶሪዮ ደ ሲካ የተባለው አዘጋጅ በ1948 እ.ኤ.አ. «የብስክሌት ሌቦች»ን ሲሠራ፣ ዋናውን ሰው ያደረገው አንድ እውነተኛ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሥራ የሚያገኘው ብስክሌት ካለው ብቻ የሆነ ድሃ ሰው ብስክሌቱ ይሰረቅበታል፤ ከትንሽ ልጁ ጋር ሮምን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል። ታሪኩ ይኸው ነው። ኢጣልያኖች በአገራችን ላይ ያደረሱትን ስንማር ያደግን ሰዎች፣ ለአንድ ኢጣልያዊ አባት እንዲህ ማዘናችን እኔንም ገርሞኛል። አያቴ ግን «ሰውየው ምን አደረገ፤ ብስክሌቱን ነው እንጂ የፈለገ» አሉ።

ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ላምብ» በ2015 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል በይፋ ከተመረጡት ውስጥ ገብቶ ታየ፤ ለአንድ የኢትዮጵያ ፊልም ይህ የመጀመሪያው ነበር። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ አባቱ ከዘመድ ዘንድ ትቶት ለሥራ ይሄዳል። ልጁ በጉን ይወዳል፤ አጎቱ በጉን ለበዓል ሊያርደው ይላል። ኤፍሬም ደግሞ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱን ከሁሉ ይልቅ ያናደደው ይህ ነው። (ይህንን ለወንድሜ ሁለት ጊዜ አሳይቼዋለሁ፤ ሻይ ማፍላት እንኳ አልጀመረም።) በዚህ ፊልም ላይ አንድ ነቀፌታ አለኝ፤ ተራራው ከመጠን በላይ ያምራል። ሰዎቹ ሲቸገሩ ዓይኔ ወደ ተራራው እየሄደ ችግራቸውን ያስረሳኛል። ልጁ ግን ግሩም አድርጎ ነው የሠራው።

አሁን መለኪያዬን ወደሚያፈርስብኝ ፊልም እመጣለሁ፤ እርሱም ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ያዘጋጀው «ድፍረት» ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች፤ በነፍስ ግድያም ትከሰሳለች፤ አንዲት ሴት ጠበቃ ትቆምላታለች። ታሪኩ በ1980ዎቹ ማለቂያ ከተፈጸመ እውነተኛ ነገር የተወሰደ ነው። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ያገለገሉት ናቸው።

ይህ ፊልም ሙሉ በሙሉ ተነግሮ የሚያልቅ ነው፤ እኔም አሁን ነገርኋችሁ። በንግግር የተሞላ ነው፤ አንዳንድ ቦታም እንደ ትምህርት ይመስላል። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል እላለሁ፤ ወንድሜም በዚህ ጊዜ ብቻ ከእኔ ጋር ተስማማ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት እንዲድን መንገድ ይሰጠው እንደ ነበር፣ መንገዱም የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. በጸናው ሕግ እንደሆነ ከዚህ ፊልም በኋላ ስንጠያየቅ ነው ያወቅነው። አያቴ ሽማግሌዎቹ በዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለ ልጅቷ ሲፈርዱ ዝም ብለው አዩና «እኔን ሲድሩኝ ዕድሜዬን የጠየቀኝ የለም» አሉ። ከዚያም ቡናው እንዳይገነፍል ተመልከቺ አሉኝ። ይህን የምጽፈው እርሳቸውን አስፈቅጄ ነው።

ሞገስ ታፈሰ የሠራው «ቁራኛዬ» ደግሞ ለሽማግሌና ለወጣት አንድ ላይ የሚሆን ነው። በድሮው ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ፍርድ ይሄዱ ነበር፤ ሁለት የሚጣሉ ሰዎች አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተኙ ሲጓዙ ምን እንደሚፈጠር ልታስቡት ትችላላችሁ። አማርኛው የድሮ አማርኛ በመሆኑ አባቴ አንዳንዱን ቃል እየተረጎመልን አየነው። «የወንዶች ጉዳይ»ን የመሰሉት የሣቅ ፊልሞች ለመሣቅ ይታያሉ፤ መሣቅም አይከለከልም። የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በሚመለከት እናቴ ይህን መጽሔት ስለምታነብ ምንም አልናገርም።

ባለፈው ወር እነዚህን ፊልሞች በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሳየት ይቻል እንደሆነ ከጥቂት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆነን አስተማሪያችንን ጠይቀን ነበር። እርሳቸውም መልካም ነው፤ የሚታዩትን ጽፋችሁ አምጡ አሉን። ወንድሞቻችን በቆርቆሮው ቤት ያዩትን ያህል እኛም በአዳራሹ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንድናይ፣ ወላጆችም እንዲመጡ አሳስበናል። የመጀመሪያው ፊልም «ድፍረት» እንዲሆን ሴቶቹ በሙሉ ተስማምተናል። ወንዶቹ ድብድብ ያለበት ይቅደም ስላሉ ገና አልተወሰነም። መብራት ቢጠፋም ጄኔሬተር እንዳይለመን ብያለሁ፤ አጎቴም እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።